ማዳም ታዴ እና የሊዮኑ ደረጃ

የታደለችን መርዶ የሰማሁት ሚዛን አማን፣ እቤቴ ደጃፍ ላይ እርድ እያሰጣሁ ነው። ልጄ ምሕረት ከፈረንሳይ ደውላ፣ «እማዬ፣ አጠገብሽ ሰው አለ?» አለችኝ። ስልክ እንዲህ ብሎ ሲጀምር ደግ ነገር አይከተለውም። መጀመሪያ የመጣብኝ የልጅ ልጄ ነው፤ እዚያው እርዱ ላይ ቁጭ አልኩ። «ናታን ደህና ነው። እትዬ ታዴ ናት። ዛሬ ጠዋት አረፈች» አለች። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ለአንዲት ቅጽበት «ተመስገን» ብያለሁ። እንባው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በማግስቱ ቴፒ ሄጄ ወንድሟ ቤት ለቅሶ ተቀመጥኩ። ድንኳኑ ሙሉ ነበር። ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ፣ «ምስኪን ታደለች! ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ በሰው አገር ብቻዋን ቀረች!» ይላሉ። እኔ ሰው በተሰበሰበበት መናገር የምፈራ ሴት ነኝ። ስብሰባ ላይ ስሜን ሲጠሩ እንኳ ላብ ያጠምቀኛል። የዚያን ቀን ግን ሳላስበው ብድግ አልኩ።

«ብቻዋን አልሞተችም» አልኩ። ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ። «ሆስፒታል በተኛችበት ሦስት ሳምንት፣ አልጋዋ አጠገብ ያለው ወንበር አንድ ቀን ባዶ አልዋለም። እግሯን ታጥባት የነበረችው የአልጄሪያ ሴት ናት። ጋዜጣ ያነብላት የነበረው ሰማንያ ዓመት ያለፈው ፈረንሳዊ ነው። ዓይኗን የከደነችው የእኔ ልጅ ናት። ታደለችን ምስኪን አትበሏት።»

ወንድሟ ቀና ብሎ አየኝና፣ «እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪን፤ እዚያ እንዴት እንደምትኖር የነገረን ሰው የለም» አለኝ። የቻልኩትን ነገርኩት። ግን እንባና ንግግር አብሮ አይሄድልኝም፤ ብዙ ዘለልኩ። የዘለልኩትን እዚህ እጽፈዋለሁ።

ሊዮን የምትባለው የፈረንሳይ ከተማ የሄድኩት ምሕረት ስትወልድ ነው። ለትምህርት ሄዳ፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሥራ አግኝታ እዚያው ቀርታለች። ባሏ ዳንኤል ያን ጊዜ አዲስ አበባ ሆኖ የመግቢያ ወረቀቱ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ለእኔ የተሰጠኝ ቪዛ የሦስት ወር ነው። ከመሄዴ በፊት ቤተሰቡ ተመካክሮ ጨርሷል፤ ስመለስ ሕፃኑን ይዤው እመጣለሁ፣ አባቱ ወረቀት እስኪያገኝ እኛ ዘንድ ያድጋል። እናቱ ሥራ አላት፣ የሕፃናት ማቆያ ቦታ የሚገኘው ከክረምት በኋላ ነው፣ ሌላ ሰው የላትም። ምሕረትም በስልክ እያለቀሰች ተስማማች። እኔ ነገር ሳይደርስ የማሰናዳ ሰው ነኝ፤ አልጋውን አናጢ ዘንድ አሠርቼ፣ አጎበሩን ሰቅዬ ነው የሄድኩት።

ሻንጣዬ ውስጥ ለአራስ ይጠቅማል ያልኩት ሁሉ ነበር። ኮረሪማ፣ ዝንጅብል፣ ጤና አዳም፣ ከሁሉም በላይ ግን የደረቀ የቡና ቅጠል። እኛ አካባቢ ጠዋት ጠዋት ጨሞ ይጠጣል። ለማያውቀው ሰው፣ ጨሞ ማለት ከቡና ቅጠል፣ ከዝንጅብል፣ ከቃሪያና ከጨው የሚፈላ ትኩስ መጠጥ ነው። ለብቻ አይጠጣም። ጎረቤት በተራ ያፈላል፤ ዛሬ እኔ ዘንድ፣ ነገ አንቺ ዘንድ። የተጠራ ይመጣል። ያልመጣ ካለ «ምን ሆኖ ይሆን?» ተብሎ በሩ ይንኳኳል።

አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ፖሊሶቹ ቅጠሉን ሲያዩ ጫት መሰላቸው። ራሳቸው አሸተቱት፤ ውሻም አስሸተቱት። እኔ «ቡና፣ ቡና» እላለሁ። እነሱ የሚያውቁት የቡና ፍሬ ነው። ቅጠሉን በሙሉ ወሰዱት፤ ኮረሪማውን ተዉልኝ።

የምሕረት ቤት አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም፤ ደረጃው እየተጠማዘዘ ይወጣል። እስክንደርስ ድረስ የተዘጋ በር እንጂ ሰው አላየሁም።

«ጎረቤት አለሽ?» አልኳት።

«አሉ።»

«የታሉ?»

«ውስጥ ናቸዋ፣ እማዬ።»

ልጁን ይዤው መሄዴ ልክ ነው አልኩ በልቤ።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ስከፍት አጠር ያለች፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ የቤት ቁልፏን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ቆማለች። ዕድሜዋ ወደ ስድሳ ይጠጋል።

«የሚዛን ሰው መጥቷል አይደል?» አለችኝ በአማርኛ።

«ማን ነገረሽ?»

«ደረጃው። ከትናንት ጀምሮ ኮረሪማ ኮረሪማ ይላል። የቴፒ ልጅ ነኝ፤ አፍንጫዬን ማንም አያታልለውም።»

ምሕረት በስልክ «አንዲት የቴፒ ሴት አንደኛ ፎቅ ላይ አለች» ብላኝ ነበር። እኔ አንዲት አንገቷን የደፋች ስደተኛ ነበር የመሰለችኝ። ታደለች ግን ገባች፣ ሕፃኑን አየች፣ «አፍንጫው የአባቱ ነው፣ ይሻሻላል» ብላ ሳቀች፤ መስኮቱን ከፈተች፣ የእኔን ነጠላ ጫማ አይታ «በዚህ ደረጃ ላይ አንገትሽን ትሰብሪያለሽ» አለች፤ በሰዓት ውስጥ ቤቱ የእሷ ሆነ።

የሸኮ ልጅ ናት። በልጅነቷ ቴፒ እርሻ ላይ ቡና ለቅማለች። ከዚያ አዲስ አበባ ሰው ቤት ሠራች፣ ከዚያ ጅቡቲ የፈረንሳይ ቤተሰብ ዘንድ፤ እነሱ ወደ ሊዮን ሲመለሱ አብራ ሄደች። ቤተሰቡ በኋላ ወደ ሌላ አገር ሲዛወር እሷ «እኔ ደክሞኛል፣ እዚህ እቀመጣለሁ» ብላ ቀረች። ከዚያ ወዲህ የምትሠራው ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ለልጆች ምሳ በሚቀርብበት ክፍል ነው። በዚያ ሕንፃ ሃያ ሁለት ዓመት ኖራለች። አማርኛ አፏን የፈታችበት ቋንቋ አይደለም፤ ስትናደድ ወይም በጣም ስትደሰት ወንድ ሴት ሳትለይ ሁሉንም «አንተ» ትላለች።

በሦስተኛው ቀን ዳቦ ቤት ወሰደችኝ። እኔ ገባሁና በጣቴ ዳቦውን አሳየሁ። ጣቴን ይዛ ዝቅ አደረገችው።

«ውጪ» አለችኝ።

«ምን አጠፋሁ?»

«ውጪ አልኩሽ።»

ደጅ ላይ አቆመችኝ። «እዚህ አገር ሱቅ ስትገቢ መጀመሪያ ቦንዡር ነው። ዳቦው ኋላ ነው። ሳትሰላሚ ከጠየቅሽ ባለጌ ነሽ።»

«እነሱ መቼ ሰላም ይሉናል፣ እትዬ ታዴ?»

«አንቺ ጀምሪ። ካልመለሱ እኔ አለሁ።»

እንደገና ገባን። «ቦንዡር» አልኩ፣ ምላሴ እየተሳሰረ። ሻጯ ወጣት ስልኳን እያየች ኖሮ አልመለሰችም። ታደለች እጇን አጣምራ ቆመች። ከኋላችን ሰልፉ ረዘመ። አንድ ሰው ሳል አለ። ሻጯ ቀና ብላ «ማዳም?» አለች። ታደለች በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመቻት እንጂ ቃል አልተነፈሰችም። ልጅቱ ጉንጯ ቀላ፤ «ቦንዡር ማዳም» አለችኝ። በማግስቱ ብቻዬን ስሄድ ገና በሩ ላይ ሳለሁ ቀድማ ሰላም አለችኝ። ያን ዳቦ ታቅፌ አምስት ፎቅ የወጣሁት በሩጫ ነው።

ከታደለች ጋር መንገድ መሄድ ከከንቲባ ጋር እንደ መሄድ ነበር። ልጆች ከመንገድ ማዶ «ማዳም ታዴ!» ብለው ይጮኻሉ። እናቶቻቸው ይሰሟታል፤ እዚያ ጉንጭ ለጉንጭ ሁለት ጊዜ ነው። እሷ የሁሉንም ልጅ ምግብ ታውቃለች፤ ይኼ ዓሣ አይወድም፣ ያቺ ዱባ በልታ አትጠግብም። ኀሙስ ጠዋት ወንዙ ዳር ባለው ገበያ እየዞረች መንደሪኑን አንድ በአንድ ታሸታለች፤ ነጋዴዎቹ ይሰድቧታል፣ እሷም ትመልስላቸዋለች፣ መጨረሻ ላይ ጎመን ጨምረውላት ይሳሳቃሉ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከማዳጋስካሮችና ከኮንጎዎች ጋር ትዘምራለች። ድምፅዋ ጥሩ አልነበረም፤ ግን ማንም ዝቅ አድርጊው ብሏት አያውቅም፤ ማን ደፍሮ!

ትምህርቷ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ከእኔም ያንሳል። ፈረንሳይኛ ማንበብ የተማረችው በየቀኑ ግድግዳ ላይ ከሚለጠፈው የልጆቹ የምሳ ዝርዝር ነው። «መጀመሪያ ያነበብኩት ቃል ካሮት ነው» ትለኝ ነበር። ያም ሆኖ አዲስ የመጣ ሁሉ ፎርም ለማስሞላት እሷ ዘንድ ነው የሚመጣው፤ ተምረው የመጡትም ጭምር።

«አትፈሪም?» አልኳት አንድ ቀን።

«ምን እፈራለሁ? ካልገባኝ እንደገና ንገረኝ እላለሁ። ሦስቴም ቢሆን እላለሁ። እስካሁን የመታኝ የለም።»

መልአክ አልነበረችም። ትእዛዝ ታበዛለች። ሌላ ሰው የቆረጠው ሽንኩርት አይጥማትም። የሚያዝንላት ሰው ካገኘች ደግሞ ትለወጣለች። አንድ ጊዜ ብቻ አገር ቤት መጥታ ነበር፤ ዘመድ ሁሉ «ልጅ ሳትወልጂ!» እያለ ሲያለቅስባት ሰነበተ። «በቁሜ ለቅሶ ተቀመጡብኝ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ አልተመለሰችም።

ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ጨሞ ነው። ሊዮን ላይ፣ በዚያ በተዘጋ በር ሁሉ መካከል! ዓመታት ቀደም ብላ ጀምራዋለች። ተራ አለው። አንድ ቅዳሜ እሷ ዘንድ፣ አንድ ቅዳሜ አራተኛ ፎቅ ኸዲጃ ዘንድ፤ ኸዲጃ ሌሊት ሆስፒታል የምታጸዳ የአልጄሪያ ሴት ናት። አንድ ቅዳሜ ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ሁለት ተማሪዎች ዘንድ። የየተራው ቤት የፈለገውን ያፈላል፤ ኸዲጃ የናና ሻይ፣ ተማሪዎቹ ያው የካርቶን ጭማቂ። ታደለች ብቻ ጨሞ ታፈላለች፤ ቅጠሉን ወንድሟ ነበር ሰው ሲገኝ የሚልክላት፤ ያን ሰሞን ግን አልቆባታል። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖረው አቶ አንድሬ፣ በእነሱ አጠራር ሙሴ አንድሬ፣ ግን ስንት ዓመት ሙሉ አልመጣም ብሏል። ሚስቱ የሞተችበት፣ ጡረታ የወጣ፣ የሕፃን ለቅሶ ሲሰማ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን የሚደበድብ ሽማግሌ ነው።

ከዚህ ሰው ጋር ያጣላኝም ያስታረቀኝም ጨሞ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከበሩ አጠገብ ባለው መስኮት ሥር፣ በትልቅ ሸክላ የተተከለ አንድ ተክል አለ። ወጥቼ ስወርድ አየዋለሁ። አንድ ቀን ጠጋ ብዬ ሳየው ቡና ነው! ዘመድ ያገኘሁ ያህል ደነገጥኩ። አገሬ የጎረቤት አጥር ላይ ያለ የቡና ቅጠል ብቀነጥብ ማን ይቆጣኛል? ጠንከር ጠንከር ያለውን ከሥር እየመረጥኩ፣ ለጋውን ከላይ እየተውኩ፣ በጥንቃቄ ቀነጠብኩ። ለአራሷ አፈላላታለሁ ብዬ ነው። ሲያልቅ ተክሉ ላባው የተነቀለ ዶሮ መሰለ።

በማግስቱ ዋናው በር ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ምሕረት አነበበችውና ፊቷ ተለዋወጠ። «እማዬ... የቡና ተክሌን የገፈፈ አረመኔ ራሱን ያሳውቅ ይላል። አንቺ አይደለሽም አይደል?»

ቪዛዬን የሚቀሙኝ መሰለኝ። ቅጠሉን በሻሽ ጠቅልዬ ወደ ታደለች ወረድኩ። ነገሩን ስትሰማ ሳቋ አላስቆማት አለ፤ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፣ እንባዋን ጠረገች፣ እንደገና ሳቀች።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያሳደገውን ተክል!»

«እትዬ ታዴ፣ አትሳቂብኝ፤ ምን ይሻላል?»

«ምን ይሻላል? ይፈላላ!»

ቅጠሉን መጥበሻ ላይ አመሰችው፣ ወቀጠችው፣ ዝንጅብልና ቃሪያ ጨምራ አፈላችው። ከዚያ ማሰሮውን እኔን አሸክማ ሦስተኛ ፎቅ ወጣን። እኔ በሩ ጋ ስደርስ ከኋላዋ ቆምኩ።

«አንኳኪ» አለችኝ።

«አንቺ አንኳኪ።»

«ቅጠሉን የነቀለው የማን እጅ ነው? አንኳኪ፣ በሩ አይነክስሽም።»

አንኳኳሁ። ሙሴ አንድሬ ወጣ፤ ረጅም፣ ጎባጣ፣ መነጽሩ ግንባሩ ላይ። ታደለች ምን እንዳለችው አላውቅም፤ ብዙ አወራች፣ እኔን አሳየችው፣ ተክሉን አሳየችው፣ ማሰሮውን አሳየችው። ሰውዬው ገነፈለ። እሷ ዝም ብላ ቀድታ ሰጠችው። እየተቆጣ ጠጣ። ቃሪያው ሲይዘው ፊቱ ቀላ፣ ሳለ፣ ግድግዳ ተደገፈ። ገደልኩት ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ኩባያውን ዘርግቶ ድገሚኝ እያለ ነው። ከዚያ ደብተር አምጥቶ አሠራሩን ሁሉ ጻፈ፤ ቃሪያው ምን ያህል እንደሆነ ሁለት ጊዜ ጠየቀ። በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ በቆርቆሮ ብስኩት ይዞ፣ ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ መጣ። ታደለች ወንበር አስቀምጣለት ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን የመመለሻዬ ቀን እየቀረበ ነው። ምሕረት ሥራ ጀመረች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የናታንን ልብሶች እያጠፍኩ ሻንጣ ውስጥ ስከት ታደለች ገባች። አየችኝ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ይዤው ልሄድ ነዋ። ነግሬሻለሁ እኮ።»

«ለምሕረት ምን ትተሽላት ነው የምትሄጂው?»

«እረፍት» አልኳት። «ማን አላት? ብታመም ማን አለ? እሱ ቢታመም ማን አለ? እዚያ እኔ አለሁ፣ አባቷ አለ፣ አክስቶቹ አሉ።»

«እኛስ?»

«እናንተ ጥሩ ሰዎች ናችሁ። ግን በር ዘግታችሁ ነው የምትኖሩት።»

ይህ ነካት። «አንተ!» አለችኝ። «ልጅ ዕቃ ነው እንዴ፣ አጥፈህ ሻንጣ ውስጥ የምትከተው?»

«የእናት ነገር አይገባሽም» አልኳት። ከአፌ ሳይወጣ በመለስኩት ኖሮ! ታደለች ግን አልጮኸችም። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እኔን በአራት ወሬ ለአክስቴ ሰጡኝ» አለች። «ችግር ነበር፣ አልፈርድባቸውም። እናቴ አንዳንድ ጊዜ ትመጣለች፤ እኔ "እንደምን አደሩ" እላታለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ "ይቺ እኮ እናትሽ ናት" አሉኝ። ምን ላድርጋት? እስክትሞት ድረስ "እርስዎ" አልኳት።»

ተነሥታ ሄደች። ሦስት ቀን ቤታችን አልመጣችም። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ግን ሰላምታዋን አላጓደለችም። እኔም ሻንጣውን አላራገፍኩም፤ በፍርሃቴ ላይ እንደ ቆምኩ ነኝ።

በአራተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ናታንን አተኮሰው። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ምሕረት ሥራ ላይ ናት። ሰውነቱ እንደ እሳት ሆነ፣ ጡጦውን አልይዝም አለ፣ ከዚያ ለቅሶውንም ተወ። የዝምታው ነገር ነው ያሳበደኝ። ለምሕረት ብደውል አይነሣም። ለታደለች ብደውል አይነሣም። የአምቡላንስ ቁጥር አላውቅ፤ ባውቅስ በምን አፌ ልናገር? ልጁን አቅፌ ደረጃው ላይ ወጣሁና አገሬ ላይ እንደማደርገው በሙሉ ድምፄ ጮኽኩ።

«የሰው ያለህ! የሰው ያለህ!»

ሲነግሩኝ በዚያ አገር በዚህ ድምፅ የሚጮህ የለም። በሩ መከፈት ጀመረ። ሙሴ አንድሬ በካልሲው እየሮጠ ሁለት ፎቅ ወጣ፤ ያ ጎባጣ ሽማግሌ። ኸዲጃ ከእንቅልፏ ተነሥታ አንድ እግሯ ላይ ብቻ ጫማ አድርጋ መጣች፤ ልጁን ከእቅፌ ወስዳ ደረቱን በጆሮዋ አዳመጠች። ከተማሪዎቹ አንዱ ፊቱ ላይ የመላጫ ሳሙና እንዳለ ስልክ ይደውላል። ሌላው የእኔን ቦርሳ ያዘ። አንድ ቃል አንግባባም። ሁላችንም ግን አብረን ወረድን፣ አብረን መንገዱን ተሻገርን፣ አብረን ሐኪሙ ቤት ገባን። ሐኪሟ ይህን ሁሉ ሕዝብ ስታይ ደነገጠች።

የክትባት ትኩሳት ነው። ምሕረት ጠዋት «ሊያተኩሰው ይችላል፣ ሽሮፑ ጠረጴዛው ላይ ነው» ብላኝ ነበር። ሰውነቱ ሲግል ከጭንቅላቴ ጠፋ። ሽሮፑን ሰጠነው፤ ጥቂት ቆይቶ ጡጦውን ያዘ።

ተመልሰን ስንገባ ታደለች ጥሪዬን ዘግይታ አይታ መንገዱን አቋርጣ ስትሮጥ አገኘናት፤ ሽርጧን አላወለቀች፣ የፀጉር ቆቧ እንዳለ ነው። ልጁን አየች፣ ዳሰሰች፣ ከዚያ አንደኛ ፎቅ ደረጃ ላይ እኔን አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ሌሎቹ ወደየቤታቸው ወጡ።

«መጀመሪያ ማን ወጣ?» አለችኝ።

«ሙሴ አንድሬ።»

«በእውነት? ጫማ አድርጓል?»

«በካልሲ ነው።»

«ኸዲጃስ?»

«በአንድ እግሯ ጫማ።»

«ልጆቹስ? እነዚያ እንቅልፋሞች?»

«ሁለቱም ወጡ። አንደኛው ፊቱ ሳሙና ነው።»

ራሷን ነቀነቀች። የአንገቷን ቁልፍ በጣቷ ታሽከረክራለች።

«የምሕረት እናት፣ ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ደረጃ ላይ ኖሬ፣ እኔ "የሰው ያለህ" ብዬ አላውቅም።»

«ስላልቸገረሽ ነዋ።»

«ቸግሮኛል። አንድ ጊዜ መታጠቢያ ቤት ወድቄ ወገቤ አልነሣም ብሎኝ፣ ከጠዋት እስከ ከሰዓት ወለሉ ላይ ተኝቻለሁ። ድምፅ ነበረኝ። አልጮኽኩም።»

«ለምን?»

«ማንም ባይወጣስ ብዬ።»

እሷ ቀጠለች። «ቅዳሜን የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ግን እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም ነበር። ጨሞ መጠጣትማ ማንም ይጠጣል።» ከዚያ በድንገት ጭኔን በጥፊ አለችኝ፤ ፊቷ ሁሉ በራ። «አንተ ግን መጥተህ ሦስት ወር ሳይሞላህ ጮኸህ አወጣህልኝ! ሁሉንም! በካልሲ!»

በዓይኗ እንባ አለ፤ ግን የኩራት ነው። አንድ ሰው ቤት ሠርቶ፣ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥልበት ውስጡ ቆሞ ጣሪያውን እንደሚያይ፣ እንዲያ ነበር የምታየው። ስለ ናታን አንድም ቃል አልጨመረችም። ተወው፣ ውሰደው አላለችኝም።

በማግስቱ ጠዋት ሻንጣውን ከፍቼ ትንንሾቹን ልብሶች አንድ በአንድ ወደ መሳቢያው መለስኩ። ምሕረት በር ላይ ቆማ ታየኛለች። «ልጁ የትም አይሄድም» አልኳት። ናታንን አንሥታ አንገቱ ሥር ፊቷን ቀበረች።

ልጁን ለመጠበቅ ተራ ወጣ። ሰኞና ማክሰኞ ኸዲጃ፣ ረቡዕ ከሰዓት ሙሴ አንድሬ፣ የቀረውን ተማሪዎቹ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደግሞ ክረምቱን በሙሉ ታደለች። የቀሩኝን ቀናት እኔ እየተከተልኩ ስመረምር አሳለፍኩ። አንድ ረቡዕ ሙሴ አንድሬ በር ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ታደለች ያዘችኝ።

«ምን ትሠሪያለሽ?»

«ዝም አለ ብዬ።»

«ተኝቶ ነዋ!»

«መተኛቱን በምን አወቅሽ?»

በሩን ከፈተችልኝ። ናታን ሽማግሌው ደረት ላይ ተኝቷል፤ ሽማግሌውም ተኝቷል። ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ክፍት ነው፤ ልጁ ወተት የጠጣበት ሰዓት ሁሉ በጥንቃቄ ተጽፏል። ከእኔ የባሰ ጠንቃቃ ሰው ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነው።

የሄድኩ ቀን ታደለች ናታንን አቅፋ እስከ ከተማው ባቡር ማቆሚያ ሸኘችኝ። ከዚያ ወዲያ በአካል አላየኋትም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን በስልክ ሁሉንም በየተራ ታገናኘኝ ነበር። ልጁ እንደማይመጣ ለባለቤቴ በስልክ ለመናገር አልደፈርኩም ነበር። ሚዛን ስደርስ ዝናብ ነው። መናኸሪያው ላይ ባለቤቴ ጃንጥላ ዘርግቶ፣ ሌላ ጃንጥላ ደግሞ ለልጁ ብሎ በክንዱ አንጠልጥሎ ይጠብቀኛል። እጄን አየ፣ ኋላዬን አየ፣ መኪናው ውስጥ አየ።

«ልጁስ?» አለኝ።

«እቤቱ ነው።»

«የት ቤቱ?»

በጭቃው እየሄድን ከታችኛው ፎቅ ጀምሬ እስከ ላይ ነገርኩት፤ ደረጃ በደረጃ፣ በር በበር፣ ከየበሩ የሚወጣውን ሰው በስሙ እየጠራሁ።